አሮጌ ቬስፓን በቤት ማደስና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ዘይትና ቤንዚን አብረው የሚያቃጥሉትን፣ ማርሻቸው በግራ እጀታ የሚቀየረውን ትልልቅ ቬስፓዎች፣ በተለይም ፒኤክስ 150ን፣ ይመለከታሉ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያድስ ሰው የትኛዋ ቬስፓ ትሻላለች?

ፒኤክስ 150። ፒያጆ የፒኤክስን ዘር በ1977 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ስላመረተ፣ ከሲሊንደር አንስቶ እስከ መብራት ማቀፊያ ጎማ ድረስ አዲስ ዕቃ ይገኝላታል። በህንድ በፈቃድ የተሠሩት ኤልኤምኤሎች ብዙው ዕቃቸው ይገጥማታል። አብዛኞቹ ፒኤክሶች ባለ 12 ቮልትና ባለ ሲዲአይ፣ ማለትም ብልጭታቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ በመሆናቸው ፕላቲን (ብልጭታውን እየተከፈተና እየተዘጋ የሚያዘው የብረት ነጥብ) ማስተካከል የሚባል ሥራ የለባቸውም።

የ1960ዎቹ ቪቢቢ፣ ሱፐርና ስፕሪንት በቅርጽ ያስንቋታል፤ ይሁንና ፕላቲን፣ ኮንደንሰርና 6 ቮልት መብራት ለጀማሪ ተጨማሪ ፈተና ናቸው። ከ1958 በፊት የተሠሩትንና ጂኤስ የሚባሉትን ግን ሁለት ሦስት ሞተር ከፍተው ከገጠሙ በኋላ ቢነኳቸው ይሻላል፤ ዕቃቸው ውድ ነው፣ ከተበላሸም መተኪያው በቀላሉ አይገኝም።

ከመግዛቴ በፊት ምኑን ልይ?

ሞተሩን ሳይሆን ወለሏን። ቬስፓ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ላሜራው ራሱ ነው ተሸካሚው። ስለዚህ ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእግር ማሳረፊያውን ምንጣፍ ያንሱና ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰ ወይም በስቱኮ የተሞላ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከሥር ተኝተው ወለሉን የሚደግፉትን አግዳሚ ብረቶችና የፍሬኑ ፔዳል የሚወጣበትን ቀዳዳ ዙሪያ ይዩ፤ ውሃ የሚያድረው እዚያ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በገላዋ ላይ ቢያስኬዱ ስቱኮ የበዛበት ቦታ አይይዝም።

ቀጥሎ ቁጥሯን። የሻንሲው ቁጥር በሞተሩ በኩል፣ የቀኙ ጎን ክዳን ሲነሳ ላሜራው ላይ ተቀርጾ ይታያል። በፒኤክስ 150 ቪኤልኤክስ1ቲ ብሎ ይጀምራል፤ የሞተሩ ደግሞ ቪኤልኤክስ1ኤም ይላል። በጣልያንኛ ቲ ቴላዮ (ሻንሲ)፣ ኤም ሞቶሬ (ሞተር) ማለት ነው። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ መግጠም አለባቸው። ሲያድሱ ቁጥሩን በሞረድ ወይም በስቱኮ ያጠፉ ሰዎች ቬስፓቸውን በስማቸው ለማዞር ሲሄዱ ይቸገራሉ፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቦታውን በማጣበቂያ ወረቀት ይሸፍኑት።

ከውጭ የምትገዙ ደግሞ አብረቅራቂ ሆና በርካሽ የምትሸጥ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች» ቬስፓን ተጠራጠሩ። የሁለት ቬስፓ ግማሽ ተበይዶ አንድ የተደረገባቸው አሉ። ምስጢሩ የሚታየው ከውስጥ ነው፤ የነዳጅ ጋኑ ተነስቶ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲታይ ፋብሪካ ያላሠራው የብየዳ መስመር አይደበቅም።

ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገኛል?

7፣ 8፣ 10፣ 11፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቁጥር መፍቻዎች አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። 11 ቁጥር እንዳትጎድል፤ የሞተሩን ሁለት ግማሾች የሚይዙት ባለ 7 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ዳዷቸው እሷ ናት፣ በተራ የመፍቻ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አትገኝም። የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ መልቲሜትርና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍም ያስፈልጋሉ።

ሁለት ልዩ መሣሪያዎች አሉ፦ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጎን የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) የሚያወጣው መጎተቻና የፍሪሲዮኑን ባለ ጥርስ ዳዶ የሚፈታው ሶኬት። ይህን ዳዶ በመሮና በመዶሻ መፍታት የተለመደ ነው፤ ግን ጥርሱ ይበላል፣ የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍም ይጎዳል። ሶኬቱን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል።

አንድ ነገር ለዕቃ ፍለጋ ይረዳል። የእኛ መካኒኮች የሚሉት ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቮላኖ፣ ፓራዮሊ ሁሉ ከጣልያንኛው የመጣ ነው፤ በፒያጆ የዕቃ ዝርዝር ላይም በዚያው ስም ተጽፎ ያገኙታል።

ለዓመታት የቆመ ሞተር እንዴት ይነሳል?

ፔዳሉን ከመርገጥዎ በፊት ካንዴላውን ይፍቱ። በቀዳዳው አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ያፍሱና አንድ ቀን ይተዉት። ከዚያ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ቮላኖውን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩት። ከዞረ ደስ ይበልዎ። ካልዞረ ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ጨምረው ለብዙ ቀን ይጠብቁ፤ በየቀኑ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ትንሽ ትንሽ ይወዝውዙት። የደረቀን ሞተር በፔዳል መርገጥ የፔዳሉን ጥርስ ይሰብራል።

ሲዞር አሮጌውን ቤንዚን በሙሉ ይድፉ። ቤንዚን ቆሞ ሲተን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል፤ ካርቡራተሩን የሚዘጋው እሱ ነው። የፒኤክስ 150ው ዴሎርቶ ኤስአይ 20/20 በቤት ለመፍታት ከሚቀሉት አንዱ ነው። ነዳጅ በመጠን የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ ናሶች፣ ማለትም ጄቶቹን፣ አውጥተው በካርቡራተር ማጽጃ ይንከሩና በአየር ይንፉባቸው። በሽቦ አይጎርጉሯቸው፤ የናስ ቀዳዳ ለዓይን በማይታይ መጠን ከሰፋ የነዳጁ ልክ ይበላሻል። በቤንዚኑ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አይርሱ።

ከዚያ ብልጭታውን ይዩ። ካንዴላውን ኮፍያው ላይ ሰክተው ብረቱን ከሲሊንደሩ ራስ ጋር አስነክተው ይርገጡ፤ ከቀዳዳው የቤንዚን ጭጋግ ሊወጣ ስለሚችል ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቀው ይያዙት። ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው። ከሌለ ወደ ሲዲአይ የሚሄደውን የማጥፊያ ገመድ ይንቀሉና ይድገሙት፤ የተበላሸ የቁልፍ ማብሪያ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ነው። የፕላቲን ሞተር ከሆነ ፕላቲኑን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ጠርገው ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ያድርጉት።

በመጨረሻም የማርሽ ዘይቱን ቀይሩ። 250 ሚሊ ሊትር ኤስኤኢ 30 ይበቃታል፤ ቀጥ ብላ ቆማ ዘይቱ የመሙያውን ቀዳዳ ከንፈር ሲነካ ሞልቷል።

ዘይትና ቤንዚን በምን ያህል ይደባለቃል?

ለፒኤክስ፣ ለስፕሪንትና ለቪቢቢ 2 በመቶ፤ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። ለጂኤሶቹና ከ1958 በፊት ላሉት 5 በመቶ። ልዩነቱ የሚመጣው ከአየር አወሳሰዳቸው ነው፦ አዲሶቹ በኮሎው ላይ በተቆረጠ መግቢያ ስለሚስቡ ዘይቱ በቀጥታ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል።

በሕክምና መርፌ (ስሪንጅ) ወይም ምልክት ባለው ጠርሙስ ይለኩት። «ትንሽ ዘይት ቢጨመር አይጎዳም» የሚባለው እውነት የሚመስል ስሕተት ነው፤ ዘይት ሲበዛ በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፣ ማርሚታውም በካርቦን ይደፈናል። የመኪና ዘይት በፍጹም አይግባ። የራሷ የዘይት ፓምፕ ያላት ፒኤክስ ከሆነችና ፓምፑ መሥራቱ ካልተረጋገጠ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ጋኑ ውስጥ 2 በመቶ ደባልቁ፤ ጭሱ ይበዛል እንጂ ፒስተን አይነክስም፣ ማለትም ግሎ ሲሊንደሩ ላይ አይጣበቅም።

በየጊዜው ምን ምን ይደረግላታል?

ካንዴላ ለ150ዋ ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ፣ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር። የማርሽ ዘይት ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ። የጎማ አየር በየሳምንቱ፦ ለባለ 10 ኢንች የፊቱ 18፣ የኋላው ለአንድ ሰው 26 ፒኤስአይ ገደማ፤ ሰው ከኋላ ከተቀመጠ ወደ 36 ከፍ ይላል። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ የሲሊንደሩን ራስ አንስተው ካርቦኑን በእንጨት ይፋቁ፤ ብረት አሉሚኒየሙን ይቧጭራል።

ቸርኬው ለሁለት የሚከፈል ነው። ከመንቀልዎ በፊት የትኞቹ ዳዶዎች ቸርኬውን ከመዘውሩ፣ የትኞቹ ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ እንደሚያያይዙ ይለዩ። ግማሾቹን የሚያያይዙትን አየር ሳይወጣ መፍታት ቸርኬውን እንደ ፈንጂ ይበትነዋል። ከመነዳሪውን ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱ፣ ከዚያ ይፍቱ።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አይንፉ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉት።

የነዳጅ ጋኑ ውስጡ ዝጓል። ልጣለው?

ካልተበሳ አይጣልም። መክፈቻውን ነቅለው ቀዳዳውን ይድፈኑና ጋኑን በተራ የምግብ አቼቶ ሞልተው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት። ጥቂት ዳዶዎች በገመድ አስረው ከተው ቢያንቀጠቅጡት ጠንካራው ዝገት ይላቀቃል፤ ገመዱ ሲወጡ እንዳይቀሩ ነው። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቀው፣ በንጹሕ ውሃ ደግመው፣ በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁት። ወዲያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ዘይት ያለበት ቤንዚን ውስጡን ያዳርሱ፤ ራቁቱን የቀረ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። የባትሪ አሲድ መጠቀም ላሜራውን ያሳሳዋል።

ቀለሟን ልቀይር ወይስ ልተወው?

የፋብሪካው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ ይተዉት። ቢቧጨርም፣ ቢደበዝዝም። በቀላል ፖሊሽና በሰም ሲታሽ የሚወጣውን መልክ አዲስ ቀለም አይሰጥም፣ አንዴ ከተፋቀም አይመለስም። የዛገውን ቦታ ብቻ ጠርገው አንቲረስት ይቀቡ።

መቀባት ግድ ከሆነ ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ገፈው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ላሜራ ያስበይዱ። ወለሉ ከመቆረጡ በፊት ግን ከጋሻው እስከ መቀመጫው ሥር ብረት በጊዜያዊነት ያስበይዱ፤ ያለ እሱ ገላዋ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብላ አትሄድም። ስቱኮ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ማድረቂያ የሚጨመርበትን ቀለም ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ቀለም ቤት ያስቀቡ እንጂ በጓሮ አይሞክሩት።

አዲስ አበባ ላይ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቷም ይደክማል። ለምን?

በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው መጽዳቱንና የማስነሻው ሾክ ገመድ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያረጋግጡ፤ ዝጎ ግማሽ ተከፍቶ የሚቀር ሾክ ብዙ ሰው ያደክማል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። የፒኤክስ 150 ዋና ጄት ከፋብሪካው 100 ቁጥር ነው። ወደ 96 ወይም 95 ዝቅ አድርገው የካንዴላውን ቀለም ይዩ፤ የቡና ዓይነት ቡናማ ሲሆን ልክ ነው። ከካርቡራተሩ ኋላ ያለችው የድብልቅ ብሎን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ወደ ውጭ ትሆናለች፤ በዚህ ካርቡራተር ስትወጣ ታወፍራለች፣ ስትገባ ታሳሳለች። የቀረው የጉልበት መቀነስ የከፍታው ነው፤ በምንም ማስተካከያ አይመለስም።

አሁን ዋናው ነገር። በዚያ በትንሽ ጄት ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ አይውረዱ። ታች አየሩ ሲወፍር ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጋዝ ሲሰጡ ፒስተኑ ይነክሳል። 100 ቁጥሩን ጄት በጨርቅ ጠቅልለው በዕቃ መያዣው ያስቀምጡ፤ ለመቀየር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ምን ነክቶት ነው?

በፕላቲን ሞተር ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ። ፕላቲኑ ላይ ትልቅ ብልጭታ የሚታይና ፊቱ የሚቃጠል ከሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው።

በፒኤክስ ግን የሚጠረጠሩት ከቮላኖው ሥር ካለው ስታተር (ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት የሽቦ ጥቅልሎች ያሉበት ክፍል) የሚወጡት ገመዶች ናቸው። ልባሳቸው በሙቀትና በዘይት ደርቆ ይፈረፈራል፣ ሲሞቅም እርስ በርስ ይነካካሉ። በመልቲሜትር በነጩና በአረንጓዴው መካከል 500 ኦም ገደማ፣ በነጩና በቀዩ መካከል 110 ኦም ገደማ ሊነበብ ይገባል። ሞተሩ ሲሞቅ ይለኩት፤ በቀዝቃዛው ልክ የሆነ ሲሞቅ ይዘልላል። ገመዶቹን ብቻ ሙቀት በሚችል አዲስ ገመድ በጥቅልሉ መነሻ ላይ ሰልድሮ መተካት ይበቃል።

ስታተሩን ሲፈቱ የነበረበትን ቦታ በመርፌ ምልክት ያድርጉበት። ሲገጥሙ ቮላኖውንና የኮሎውን ሾጣጣ ጫፍ ቅባት እስከማይቀርበት ጠርገው ዳዶውን ከ60 እስከ 65 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ሁለቱን አጥብቆ የሚይዘው የሾጣጣው መነካካት ነው፤ ትንሿ ቁልፍ ብረት ቦታ ለማስያዝ ብቻ ናት፣ ዳዶው ከላላ ትቆረጣለች።

ጋዝ ስለቅ ሞተሩ አይወርድም፤ አንዳንዴም ነጭ ጭስ ያፈናል። ሁለቱ ይገናኛሉ?

ሁለቱም የፓራዮሊ ምልክት ናቸው፣ ግን የተለያየ ፓራዮሊ። ኮሎው በቀኝና በግራ ሁለት ማገጃ ጎማ አለው። በቮላኖው በኩል ያለው ሲደርቅ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ጋዝ ተለቅቆም ይጮኻል። ይህ ፒስተን የሚነክስበት አጭሩ መንገድ ስለሆነ መንዳት ይቁም። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲደርቅ የማርሽ ዘይት ይስባል፦ ወፍራም ጭስ፣ የረጠበ ካንዴላ፣ እየጎደለ የሚሄድ የማርሽ ዘይት። አንዳንዴ ተገላቢጦሽ ሆኖ ቤንዚን ወደ ማርሹ ይገባል፤ ዘይቱን አሸትተው ቤንዚን ቤንዚን ካለ እሱው ነው።

ሞተሩን ከመክፈት በፊት መፈተን ይቻላል። የማርሚታውን መውጫና የካርቡራተሩን መቀመጫ በጎማና በላሜራ ይድፈኑ፤ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በእጅ ፓምፕ 6 ፒኤስአይ አየር ያስገቡ፤ ከዚያ በላይ ጎማዎቹን ያስወጣል። ጤነኛ ሞተር ለ6 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ካልያዘ የሳሙና ውሃ በሲሊንደሩ ሥርና ራስ፣ በሁለቱ ግማሾች መገናኛና ቮላኖው ተነስቶ በፓራዮሊው ላይ ይቀቡ፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ በሽታው ነው። አረፋ የትም ሳይታይ አየሩ ከወረደ የማርሽ ዘይት መሙያውን ይክፈቱና ያድምጡ፤ እዚያ የሚተነፍስ ከሆነ የፍሪሲዮኑ በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚገኘው የካርቡራተሩ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሆኖ በጥቂት ብር ይገላገላሉ።

እየጮኸ አልጠፋ ያለን ሞተር ለማቆም 4ኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬኑን በሙሉ ይዘው ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ።

ፒስተኑ ነክሷል። ሲሊንደሩ ይድናል?

አብዛኛውን ጊዜ። የፒኤክስ 150 መነሻ ስፋት 57.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተንም በየ0.2 እየጨመረ 58.0፣ 58.2፣ 58.4 ይሠራል። መጀመሪያ ፒስተኑን ይግዙ፣ ከዚያ ፒስተኑን ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱ፤ ሲሊንደሩ የሚቦረቦረው በቁጥር ሳይሆን በያዙት ፒስተን ልክ ነው። ከተቦረቦረ በኋላ የየቀዳዳዎቹ ስለት በጥቂቱ መሰበር አለበት፣ ካልሆነ ፋሻውን (በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት) ይይዘዋል። ፋሻው ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ይሁን። በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው መውጫ ይመለከታል። የራሱን ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ ከ13 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ጋዙን ሙሉ አይክፈቱ።

ለምን እንደነከሰ ሳይታወቅ ግን አዲስ ፒስተን አይግጠሙ። የዘይት ልክ፣ ጄት፣ ፓራዮሊ፤ ከሦስቱ አንዱ ሳይስተካከል የገባ ፒስተን በሳምንቱ ይደግመዋል።

ማርሹ ከ2ኛ ይዘልላል። ሞተሩ መከፈት አለበት?

ወዲያው አይደለም። በመጀመሪያ ሁለቱን የማርሽ ገመዶች ይዩ። በእጀታው ላይ ያለው ቁጥርና ማርሹ የያዘበት ቦታ ካልተገናኘ ማርሹ ግማሽ ብቻ ይነክሳል፤ ከሞተሩ ጎን ባለው ማስተካከያ ገመዶቹን እኩል ወጥረው ይሞክሩ። ይህን ሳያስተካክሉ መንዳት ነው የውስጡን ዕቃ የሚበላው።

ገመዱ ደህና ሆኖ ጋዝ ሲሰጡ ከዘለለ፣ የማርሾቹን መካከል እየተንሸራተተች የምትይዘው ባለ አራት ክንድ መስቀል ጫፏ ዶልዱሟል። እሷን ለመቀየር ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ይከፈላል። ዕቃዋ ርካሽ ናት፣ ሥራው ግን የሁለት ቀን ነው፤ ስለዚህ በዚያው ሁለቱንም ፓራዮሊ፣ ኩሽኔታዎቹንና ጓርኒሲዮኑን አብረው ይቀይሩ። አሮጌዋን መስቀል ከአዲሷ ጎን አስቀምጠው ቢያዩ የክንዶቿ ጠርዝ እንደተላሰ ሳሙና ክብ ሆኖ ይገኛል፤ የማርሾቹ ውስጠኛ ጥርስም እንደዚያው ከሆነ ያ ማርሽ አብሮ ይቀየራል።

ሲገጥሙ ማርሾቹን ደርድረው ከላይኛው ቀለበት ጋር ያላቸውን ክፍተት ይለኩ። ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ከበለጠ ወፈር ያለ ቀለበት ይገዛል። አዲስ መስቀል ገጥመው ይህን ሳይለኩ የዘጉት ሞተር ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው በ2ኛ ማርሽ ይዘልላል።